ትራክተርና በር ለመቀባት የቀለም መርጫ ከመግዛትዎ በፊት

አብደራፊ፦ የሰሊጥና የማሽላ ምርት ተሰብስቦ ሲያልቅ በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች የጥገና ወቅት ይጀምራል። ክረምቱን በጭቃ፣ የመኸሩን ወራት በአቧራ ያሳለፉ ትራክተሮችና ተጎታቾች ወደ ብየዳ ቤቶች ይመጣሉ። የዛገው ይፋቃል፣ የተሰነጠቀው ይበየዳል፣ በመጨረሻም ቀለም ይቀባል። በከተማው ውስጥ የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ ወጣቶችም ብሩሹን አስቀምጠው የቀለም መርጫ ለመግዛት ያስባሉ።

መርጫ ሊገዛ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ "ጥሩው የቱ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን "ኮምፕረሰሬ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይሰጣል?" የሚለው ነው። አየሩ ካልበቃ ውዱ መርጫም ከርካሹ አይሻልም።

መርጫው እንዴት ይሠራል?

የመርጫው ታሪክ ከሕክምና ይጀምራል። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ይኖሩ የነበሩት ሐኪም አለን ዴቪልቢስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጉሮሮ መድኃኒትን ወደ ጉም የሚለውጥ መሣሪያ ሠሩ። ልጃቸው ቶማስ በ1907 እ.ኤ.አ. ያንኑ ሐሳብ ወደ ቀለም መርጫ አሻገረው። አሠራሩ ዛሬም አልተለወጠም፤ የታመቀ አየር ቀለሙን ሰብሮ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይለውጠዋል። ጠብታው ሲደቅ ቅቡ ይለሰልሳል፤ ነገር ግን በዚያው መጠን በአየር ላይ የሚባክነውና ወደ ሳንባ የሚገባው ይበዛል።

የትኛው ለየትኛው ሥራ?

በገበያ ላይ የሚገኙት መርጫዎች በአምስት ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው በቆርቆሮ የታሸገው ስፕሬይ ቀለም ነው። 400 ሚሊ ሊትር የሚይዘው አንዱ ቆርቆሮ አንድ ወይም ሁለት ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ለተጫረ ቦታ ማስተካከያ እንጂ ለሙሉ ትራክተር አያዋጣም። ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ሊፈነዳ ስለሚችል በቆላ ፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ተራው የአየር መርጫ ነው። ከፍ ባለ ግፊት ስለሚሠራ ከሚረጨው ቀለም ከግማሽ የሚበልጠው ዕቃው ላይ ሳያርፍ ሊባክን ይችላል። ጥቅሙ በአነስተኛ ኮምፕረሰር መሥራቱ ነው።

ሦስተኛው "ኤች ቪ ኤል ፒ" ተብሎ የሚታወቀው ብዙ አየርን በዝቅተኛ ግፊት የሚጠቀም መርጫ ነው። በትክክል ከተያዘ ከቀለሙ 65 በመቶና ከዚያ በላይ ዕቃው ላይ ያሳርፋል። ይሁን እንጂ በርካታ ሞዴሎች በደቂቃ ከ230 እስከ 400 ሊትር አየር ይፈልጋሉ።

አራተኛው ያለ አየር በፓምፕ ብቻ የሚሠራው ሲሆን ለሰፊ ግድግዳና ለመጋዘን ይመረጣል። ቀለሙን ከ140 እስከ 200 ባር በሚደርስ ግፊት ስለሚገፋ እጅ ከኖዝሉ ፊት ከገባ ቀለሙን ከቆዳ ሥር ያስገባል። ቁስሉ መርፌ የወጋው ቢመስልም ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ የዘገየ እጁን ሊያጣ ይችላል።

አምስተኛው እንደ እስክርቢቶ የሚያዘው ትንሽ መርጫ ነው። የኖዝሉ ቀዳዳ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ተማሪዎች ለሳይንስ ዐውደ ርዕይ ለሚሠሩት የአውሮፕላን ሞዴል፣ ለጽሑፍና ለሥዕል ይሆናል። በሩን እቀባለሁ ላለ ሰው ግን ውቅያኖስን በማንኪያ እንደመጨለፍ ነው።

ኮምፕረሰሩን በማጀቢያ ወሬ አይግዙ

ብዙዎች የሚሳሳቱት በታንከሩ ትልቅነት ነው። ታንከር አየርን ያከማቻል እንጂ አያመርትም። አየር የሚያመርተው ሞተሩና ፓምፑ ነው። በተጨማሪም በኮምፕረሰሩ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ፓምፑ የሚስበው አየር ነው፤ ወደ መርጫው የሚደርሰው ከዚያ በሲሶ ያህል ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ 200 ሊትር የተጻፈበት ኮምፕረሰር 140 ሊትር ያህል ይሰጣል ብሎ ማሰብ ይበጃል።

እንዲህ ባለ ኮምፕረሰር ላይ 300 ሊትር የሚፈልግ መርጫ ቢገጠም የመጀመሪያው ቅብ ያምራል። ጥቂት ቆይቶ ግፊቱ ይወድቃል፤ መርጫውም ቀለሙን ጉም ማድረግ ትቶ መትፋት ይጀምራል። የኮምፕረሰሩ አቅም መርጫው ከሚፈልገው ቢያንስ በሩብ ቢበልጥ ይመረጣል። ትልቅ ኮምፕረሰር መግዛት የማይችል ሰው አነስተኛ አየር የሚፈልግ መርጫ ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ጀነሬተር ሲታሰብ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል እንደሚስብ መዘንጋት የለበትም። ከከተማ ርቆ ለሚሠራ ሰው በቤንዚን ሞተር የሚሠራ ኮምፕረሰር የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል።

የኖዝሉ ልክ

ለወፍራሙ ፀረ ዝገት ቀለም ከ1.6 እስከ 2.0 ሚሊ ሜትር፣ ለተለመደው የሲንቴቲክ ቀለም ከ1.4 እስከ 1.7፣ ለመጨረሻው አንጸባራቂ ቅብ 1.3 ወይም 1.4 ይስማማል። አንድ መርጫ ብቻ የሚገዛ ሰው ኖዝሉ የሚቀየር ዓይነት ቢመርጥ ሁለት መርጫ ከመግዛት ይድናል። ሲረጩ ከዕቃው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ እጅን ቀጥ አድርጎ እያንቀሳቀሱ፣ እያንዳንዱን መስመር በቀደመው ላይ ግማሽ ያህል መደረብ ያስፈልጋል።

ከቆላው ሙቀት ጋር

በመተማና በአብደራፊ አካባቢ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቲነሩ ቀለሙ ብረቱ ላይ ከማረፉ በፊት በአየር ላይ ይተናል። ጠብታው ደርቆ ስለሚያርፍ ቅቡ በእጅ ሲዳሰስ እንደ አሸዋ ይሻክራል። መፍትሔው ዕቃውን ጥላ ውስጥ ማሳደር፣ ከረፋዱ 3 ሰዓት በፊት መጨረስ፣ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር መጠቀምና አቧራው እንዳይነሳ ወለሉን ውኃ መርጨት ነው። መዳፍ የማይችለው የጋለ ብረት ለቀለም አልደረሰም።

በክረምት ችግሩ ይገለበጣል። እርጥበት ያለው አየር ሲታመቅ በታንከሩ ውስጥ ውኃ ይሆናል፤ ከቀለሙ ጋር ከወጣም ቅቡ ይነፋፋል። ታንከሩን በየቀኑ ማፍሰስና በቱቦው ላይ የውኃ ማጣሪያ መግጠም የግድ ነው።

የአረም መርጫው ለቀለም አይሆንም

በጀርባ የሚታዘለውን የኬሚካል መርጫ ለቀለም ለመጠቀም የሚያስብ አርሶ አደር ሁለት ኪሳራ ይጠብቀዋል። ጠብታው ትልቅ ስለሆነ ቅቡ አያምርም፤ ቲነሩም የላስቲክ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። የቀለም መርጫን ለኬሚካል መጠቀም ደግሞ ይብሳል። ጠብታው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ነፋስ ወደ ጎረቤት ማሳና ወደ ረጪው ፊት ይወስደዋል። ሰሊጥና ጥጥ ለማሽላ አረም በሚረጨው ቱ ፎር ዲ እጅግ የሚጎዱ ሰብሎች በመሆናቸው የተረሳ ቅሪት እንኳ ጉዳት ያደርሳል። የቀለሙ ለቀለም፣ የአረሙ ለአረም ይሁን።

ሳንባውን ማን ይተካዋል?

በኮሮና ጊዜ የለመድነው የጨርቅና የሕክምና ማስክ የቲነር ትነትን አያስቀርም። የሚያስፈልገው የከሰል ማጣሪያና የብናኝ ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው። ከማጠንከሪያ (ሃርድነር) ጋር ተቀላቅለው የሚረጩ የመኪና ቀለሞች አይሶሳይኔት የሚባል ንጥረ ነገር ስላላቸው አስም ያስይዛሉ። አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ከዚያ በኋላ በጥቂቱም ሊታመም ስለሚችል እነዚህን ቀለሞች ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያስገባ መሣሪያ በሌለበት አለመርጨት ይመረጣል። ለትራክተርና ለበር ተራው የሲንቴቲክ ቀለም በቂ ነው።

አሮጌ ቀለም ሲፋቅም ጥንቃቄ ያሻል። በኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስን (ሊድ) ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ የሚገድበው ደንብ ቁጥር 429 የወጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ብረት ብዙ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ በውኃ እያራሱ መሥራትና ሕፃናትን ማራቅ ያስፈልጋል። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይጓዛል፤ ጥግ ላይ ያለ የቡና ከሰል ወይም የጎረቤት የብየዳ ብልጭታ ሊያቀጣጥለው ይችላል።

ለማጠቃለል፣ ለማረሻ፣ ለተጎታች ውስጠኛው ክፍልና ለአጥር ብሩሽ ዛሬም ይበቃል፤ ቀለምም አያባክንም። መርጫ የሚያስፈልገው ስፋትና ልስላሴ አብረው ሲፈለጉ ነው። ለዚያ የወጣ ሰው ገንዘቡን በሦስት ይክፈለው፤ ቀድሞ ለአየሩ፣ ቀጥሎ ለማስኩ፣ የተረፈውን ለመርጫው።