ለአረጋውያን ቤት ማስተካከያ የሚሰጥ የግብር ቅናሽ

ዛሬ የምንነጋገረው በካናዳ አገር አረጋውያን ቤታቸውን ሲያስተካክሉ ስለሚያገኙት የግብር ቅናሽ ነው።

ሰው ሲያረጅ ጉልበቱ ይደክማል፤ ዓይኑም ይፈዛል። ዱሮ ዘሎ የወጣው ደረጃ ዛሬ ዳገት ይሆንበታል። የረጠበ የመታጠቢያ ቤት ወለል ያንሸራትተዋል። አንድ ጊዜ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ፣ ከኖረበት ቤት እስከ መውጣት ሊደርስ ይችላል። እንግዲያው ሳይወድቁ መጠንቀቅ ይሻላል። ግን ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

የካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለዚህ ወጪ የግብር ቅናሽ ይሰጣል። ተጠቃሚዎቹ ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላ ወይም ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠው የግብር ቅናሽ የሚገባቸው ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያ ይታሰብ የነበረው ወጪ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ነበር። በ2022 ወደ 20,000 ዶላር ከፍ አለ።

አሠራሩ እንዴት ነው? ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት አሮጊት በ2024 የእጅ መያዣ ብረት ለማስተከልና በር ለማስፋት 2,000 ዶላር አወጡ እንበል። በዚያ ዓመት ቅናሹ ከመቶ 15 ነበር። ስለዚህ ከሚከፍሉት ግብር ላይ 300 ዶላር ይቀነስላቸዋል። ልብ በሉ! ያወጡት ገንዘብ ሁሉ አይመለስም። የመቶኛው ልክም ሊለወጥ ስለሚችል የየዓመቱን ቅጽ ማየት ያስፈልጋል።

ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ መሥራትም ይታሰባል። ቴሌቪዥን መግዛት ወይም የተለመደ የቤት እድሳት ግን አይታሰብም። ባለቤቱ ራሱ ቢሠራ የዕቃው ዋጋ ይያዝለታል፤ የጉልበቱ ዋጋ አይያዝለትም።

ገቢው አንሶ ግብር የማይከፍል ሰውስ? ከዚህ ቅናሽ በእጁ የሚገባ ገንዘብ የለም፤ የሚቀነስለት ግብር የለማ! የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በ2021 እና በ2022 የሰጠው ቅናሽ ግን የተለየ ነበር። እስከ 10,000 ዶላር ከሚደርስ ወጪ ከመቶ 25 ይመልስ ነበር። ግብር ለማይከፍሉትም ይደርሳቸው ነበር። ያ ቅናሽ ከ2022 በኋላ ቀርቷል።

በመጨረሻ ስለ ደረሰኝ እንንገራችሁ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙን ራሳችሁ አንብቡ። ቀኑ አለ? የሠራተኛው ስም አለ? የተሠራው ሥራና የተከፈለው ገንዘብ በትክክል ተጽፏል? ካልተጻፈ ይጻፍልኝ በሉ። ከዚያም በደንብ አስቀምጡት። ግብር አስከፋዩ መሥሪያ ቤት ሲጠይቅ ማስረጃችሁ እሱ ነው።