ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን እስትንፋስ

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ከወተትም ከስምም አስቀድሞ የሚያስፈልገው እስትንፋስ ነው። በማሕፀን ሳለ ሳንባው በፈሳሽ የተሞላ ስለ ሆነ፥ በተወለደባት ደቂቃ ፈሳሹ ለአየር ስፍራውን መልቀቅ አለበት። ወሩን ፈጽሞ የተወለደ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ይህን በራሱ ኀይል ይፈጽማል። 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደው ግን የደረቱ ጡንቻ ደካማ ነው፤ ጥቃቅኖቹ የሳንባ ከረጢቶች ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚጠብቃቸውም ቅባት መሰል ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ገና አልበቃለትም።

የዚህን ፈሳሽ መጕደል ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሪ ሚድ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በ1959 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ገለጡ። በ1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከአምስት ሳምንት በላይ ቀድሞ ተወልዶ ሁለት ቀን ሳይሞላው ያረፈው በዚሁ የሳንባ ሕመም ነው። ዛሬ የጐደለውን ፈሳሽ የሚተካ መድኀኒት ተገኝቷል፤ ይሁን እንጂ ሕፃኑን ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ መድኀኒቱ ብቻውን አያድንም።

ሕፃኑ ካልተነፈሰ፥ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ አፉን ከፍቶ አየር ከሳበ፥ ያ እንደ መተንፈስ አይቈጠርም። አዋላጂቱ 1 ደቂቃ ሳያልፍ በአፍና በአፍንጫው ላይ ጭንብል ደፍታ፥ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ አየር ትሰጠዋለች። በዚህም ጊዜ ዐይኗ ከደረቱ አይለይም። ደረቱ ካልተነሣ ጭንብሉ አየር ያፈስሳል፥ ወይም አንገቱ በደንብ አልተቃናም ማለት ነው፤ ከልክ በላይ ከተነሣ ደግሞ ለስላሳው ሳንባ ይጐዳል። ዐይን ብቻውን ግን ሊታለል ይችላል፤ ስለዚህ የልቡን ምት መስማት ያስፈልጋል። ምቱ እየጨመረ በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ፥ አየሩ በእርግጥ ወደ ሳንባው እንደ ደረሰ ይታወቃል። በአንዳንድ ታላላቅ ሆስፒታሎችም የሚገባውንና የሚወጣውን አየር የሚለካ መሣሪያ ይገኛል።

ሕፃኑ ከተነፈሰ በኋላም ጥበቃው አይቋረጥም። እንዲህ ያለ ሕፃን እየተነፈሰ ሳለ በድንገት ሊያቆም ይችላልና። ትንፋሹ በሰዓት 1 ሙሉ ደቂቃ ይቈጠር፤ ከ30 እስከ 60 መልካም ነው። 20 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ካቆመ፥ ከ60 በላይ ከፈጠነ፥ ካቃሰተ፥ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፥ ወይም ምላሱ ከጠቈረ፥ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። በመንገድም እንዳይበርደው ራሱ ተሸፍኖ፥ አፍንጫው ሳይታፈን፥ ገላው የእናቱን ገላ እየነካ በደረቷ ላይ ይታቀፍ።

ዝም ያለውን ሕፃን ቍልቍል ማንጠልጠል፥ በጥፊ መምታት፥ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት ይጐዳዋል እንጂ አያድነውም። ዝም ያለ ሁሉ የሞተ አይደለምና ተስፋ ቈርጦ ወደ ጐን ማኖርም ታላቅ በደል ነው።

እንግዲህ መምህራንና አንባብያን ሆይ፥ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሁሉ ምጥ ያለ ጊዜው ሲጀምር ነገን ሳይጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ ትመክሩ ዘንድ አደራ እንላለን። ለዚህ ሕፃን የደቂቃ መዘግየት የዕድሜ ልክ ጕዳት ሊሆን ይችላል።