ነፋስና ብስክሌተኛ

ጥላ ዘርግታችሁ ነፋስ ፊት ለፊት ገጥሟችሁ ያውቃል? ወደ ኋላ ይገፋችኋል። ስታጥፉት ግን ይቀላችኋል። የጥላው ክብደት ያው ነው፤ የተለወጠው ነፋሱን የሚጋፈጠው ስፋቱ ነው።

ብስክሌተኛም እንዲሁ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። አብዛኛውን ግፊት የሚቀበለውም ብስክሌቱ ሳይሆን የነጂው ገላ ነው።

ግሬም ኦብሪ የተባለው ስኮትላንዳዊ ይህን በሚገባ ተረዳ። ብስክሌቱን በገዛ እጁ ሠራ፤ ከልብስ ማጠቢያ መኪና ያወጣውን ኩሽኔታ ገጠመበት። ሲነዳም ክንዶቹን አጥፎ ደረቱ ሥር ሸጎጠ። እ.ኤ.አ. በ1993 በኖርዌይ፣ ሐማር ከተማ፣ በአንድ ሰዓት 51.596 ኪሎ ሜትር ነድቶ ፍራንቼስኮ ሞዘር በ1984 ያስመዘገበውን ክብረ ወሰን በ445 ሜትር አሻሻለ።

በ1994 ግን የዓለም ብስክሌት ማኅበር ያንን አቀማመጥ ከለከለ። ኦብሪ ተስፋ ቆረጠ? የለም! ክንዶቹን ወደ ፊት ዘርግቶ መንዳት ጀመረ፤ በ1995 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በኋላ እሱም ተከለከለ።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ደንብ አቀማመጥን ሊከለክል ይችላል፤ የአየሩን ጠባይ ያወቀን አእምሮ ግን አይከለክልም።