ስለ መኪና የፊት መብራት አያያዝና ለውጥ

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በጽልመት የሚጓዝ አሽከርካሪ፣ የራሱንም የእግረኛውንም ነፍስ የሚጠብቅለት የፊት መብራቱ ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች እስኪጠፋ ድረስ ሳያስቡት መኖራቸው በዚህ ሙያ የምተዳደረውን እኔን እጅግ ያሳዝነኛል።

የብዙ መኪኖች የመብራት ሽፋን ፖሊካርቦኔት የተባለ ፕላስቲክ ስለሆነ፣ በተለይ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ስፍራ፣ የፀሐይ ጨረር መከላከያ ቅቡን እየበላ ቢጫ ያደርገዋል፤ ከሻካራው ወደ ለስላሳው በሚሄድ የብርጭቆ ወረቀት፣ ውኃ እያርከፈከፉ ቢወለውሉት ጸዳሉ ይመለሳል፤ ነገር ግን ጨረር የሚከላከል ቅብ ካልተደረበበት ዳግመኛ መደብዘዙ አይቀርም።

ኤች 4 የተባለውን፣ ለረጅሙ ብርሃን 60፣ ለአጭሩ ብርሃን 55 ዋት የሆነውን ሃሎጅን አምፖል የሚለውጥ ሰው፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ እስኪቀዘቅዝም ታግሦ፣ ሶኬቱን ነቅሎ አዲሱን ሲያስገባ፣ የአምፖሉን ብርጭቆ በባዶ ጣት ከቶ አይንካ፤ ከጣት የሚቀረው ቅባት አንዱን ስፍራ ከሌላው አብልጦ ስለሚያግለው የአምፖሉ ዕድሜ ያጥራልና።

ብርሃን ይበዛልኛል ብሎ 100 ዋት አምፖል መትከል ግን ሶኬቱንና ሽቦውን ሊያቃጥል ይችላል፤ ለሃሎጅን በተሠራ የመብራት ቤት ውስጥ የሚገባ ኤልኢዲም ብዙ ጊዜ ጨረሩን በትኖ የመጪውን አሽከርካሪ ዓይን ያጨልማል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሁለቱን አምፖሎች በአንድነት ለውጡ፤ ከለወጣችሁም በኋላ የጨረሩን ከፍታ በግድግዳ ፊት ሳታስተካክሉ ለሌሊት ጉዞ አትውጡ።