የሰንጠረዥ ጠጠር በቶርኖ

ሰንጠረዥ የሚለውን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሒሳብ ደብተራችሁ ላይ መስመር አስምራችሁ፣ በየሳጥኑ ቁጥር የምትሞሉበት ነው። የዕቁብ መዝገብ በሰንጠረዥ ይያዛል። የሩዝ ምርት በሰንጠረዥ ይጻፋል። ነገር ግን ሰንጠረዥ የጨዋታም ስም ነው። ዛሬ የከተማ ሰው ቼዝ የሚለው ጨዋታ የዚህ ወንድም ነው። በዚህ ሳምንት ስለዚህ ጨዋታና ስለ ጠጠሮቹ አሠራር እንነግራችኋለን።

ሰንጠረዥ ከየት መጣ?

ጨዋታው የተወለደው ሕንድ አገር ነው። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረቦች ተሻገረ። ዐረቦች ሸጥረንጅ አሉት። እኛ ደግሞ ሰንጠረዥ አልነው። በአገራችን ዱሮ የሚጫወቱት የቤተ መንግሥት ሰዎችና መኳንንት ነበሩ። አፄ ልብነ ድንግል ከ1500 እስከ 1532 ዓ.ም. ነገሡ። በእርሳቸው ዘመን አንድ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። ከንጉሡ ጋር ሰንጠረዥ መጫወቱን ተናግሮ፣ ቃሉ በጽሑፍ ቀርቷል።

በ1797 ዓ.ም. ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ ትግራይ ገባ። የራስ ወልደ ሥላሴ እንግዳ ሆነ። ራስ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አየ። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ወፋፍራም እንደነበሩ ጻፈ። ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ ቀስ ብሎ አያነሳውም ነበር። በኃይል መትቶ ከቦታው ያስፈነጥረዋል።

ገበጣ ቀረ፣ ሰንጠረዥ ጠፋ

ታዲያ ይህ ጨዋታ የት ገባ? ፎገራ ሜዳ ላይ ከብት የሚጠብቀውን ልጅ ሰንጠረዥ ታውቃለህ ወይ ብትሉት አያውቅም። ገበጣ ታውቃለህ ወይ ብትሉት ግን ይስቃል። መሬቱን ቆፈር ቆፈር አድርጎ፣ ጠጠር ለቅሞ ያሳያችኋል። ለገበጣ ገንዘብ አያስፈልግም። ሠሪ አያስፈልግም። ሲመሽ እዚያው ጥለውት ይሄዳሉ፤ ነገ ሌላ ይቆፍራሉ።

ሰንጠረዥ እንዲህ አይደለም። 32 ጠጠር ይፈልጋል። ጠጠሮቹም ስድስት ዓይነት መልክ አላቸው። መልካቸው ካልተለየ ጨዋታው አይሆንም። ስለዚህ ሠሪ ይፈልጋል። የዝሆን ጥርስ የነበረው መኳንንቱ ዘንድ ነው። ባለ እጁን የሚያዘውም መኳንንቱ ነው። እኛ እንደሚመስለን ገበጣ ከሕዝቡ ጋር የቀረው፣ ሰንጠረዥ ደግሞ ከጌቶቹ ጋር የሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ሠሪውስ? ባለ እጅ በአገራችን ብዙ ተሰድቧል። ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ቡዳ ተብሏል። ማረሻውን ከእርሱ እየገዙ፣ ዋንጫውን ከእርሱ እየወሰዱ፣ ሰውየውን ናቁት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። ስድቡ ግን በአንድ አዋጅ አላለቀም። አባት ሙያውን ለልጁ ማስተማር ካፈረ፣ ሙያው ከአባት ጋር ይቀበራል።

ወረታ ላይ ያየነው

ወረታ መንገድ የሚለያይባት ከተማ ናት። አንዱ መንገድ ባሕር ዳርን ከጎንደር ያገናኛል። ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። በከተማዋ አልጋና ወንበር የሚሠሩ የእንጨት ሥራ ቤቶች አሉ። ከነዚህ ባንዱ ቶርኖ አለ። በቶርኖው የአልጋ እግር ያድቦለቡሉበታል። እኛ አስተማሪዎች ከጥቂት ተማሪዎቻችን ጋር ሆነን ወደዚያ ሄድን። የሰንጠረዥ ጠጠሮችን ሥዕል ለባለሙያው አሳየናቸው።

"ጋሼ፣ ይኼን ከቁርጥራጭ እንጨት መሥራት ይቻላል?" አልናቸው።

ሥዕሉን ገልበጥበጥ አድርገው አዩት። "ይኼማ የአልጋ እግር ልጅ ነው!" አሉና ሳቁ። "ትልቁን የሠራ ትንሹን አያቅተውም። ግን ትንሹ ትዕግሥት ይፈልጋል።"

ቶርኖ ምንድን ነው? እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቱ ሲሾር አይታችኋል። ቶርኖም እንደ እንዝርት ነው። የተጋደመ እንዝርት በሉት። እንጨቱን በሁለት ጫፉ ወጥሮ ይይዘዋል። ከዚያ ያሽከረክረዋል። ሠራተኛው መሮውን በብረት መደገፊያ ላይ አስደግፎ ወደ እንጨቱ ያስጠጋል። መሮው አይዞርም፤ የሚዞረው እንጨቱ ነው። ስለዚህ የተቆረጠው ሁሉ ክብ ሆኖ ይወጣል።

የወረታው ቶርኖ በኤሌክትሪክ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ይቆማል። በዓለም ላይ ግን ቶርኖ ከኤሌክትሪክ በፊት ብዙ ሺህ ዓመት ኖሯል። ዱሮ ሠራተኛው በእንጨቱ ላይ ገመድ ይጠመጥም ነበር። የገመዱን አንድ ጫፍ ከላይ በሚለመጥ ረጅም አጣና ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ከታች በእግር መርገጫ ላይ ያስረዋል። ሲረግጠው እንጨቱ ወደፊት ይዞራል። እግሩን ሲያነሳ አጣናው ገመዱን መልሶ ይስበዋል። አጣና፣ ገመድና መሮ ያለው ሰው ይህን መሥራት ይችላል።

የጠጠሮቹ አሠራር

አንደኛ፣ እንጨት መምረጥ። እንጨቱ የደረቀ ይሁን። እርጥብ እንጨት ከተሠራ በኋላ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ለስላሳ ነው፤ መሮ በቀላሉ ይገባበታል። ወይራ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ሲቆረጥ ጥርት ይላል። ለዚህ ሥራ ተብሎ ግን ዛፍ አይቆረጥም። ከአልጋና ከወንበር ሥራ የተረፈው ቁርጥራጭ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ መካከሉን ማግኘት። እንጨቱ 4 ሳንቲ ሜትር በ4 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይሰነጠቃል። በጫፉ ላይ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት መስመር ይሰመራል። መስመሮቹ የሚገናኙበት መካከሉ ነው። ቶርኖው የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። መካከሉ ከተሳተ እንጨቱ ሲዞር ይንቀጠቀጣል።

ሦስተኛ፣ ማድቦልቦል። እንደ ማንኪያ በጎደጎደ መሮ አራቱ ማዕዘን ይነሣል። እንጨቱ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድቡልቡል ይሆናል። ባለሙያው መሮውን አይጫኑትም። "እንጨቱ ራሱ ይምጣ እንጂ አንተ አትሂድበት" ይላሉ።

አራተኛ፣ ልክ። በአንድ ቀጭን ሳንቃ ላይ የጠጠሩ እግር፣ ወገብና ራስ የሚያርፍበት ቦታ በእርሳስ ይመለከታል። ሳንቃው እየዞረ ባለው እንጨት አጠገብ ይያዝና ምልክቱ ወደ እንጨቱ ይዛወራል። ስምንቱ መደቅ እኩል የሚወጡት በዚህ ነው። አንድ መደቅ 3 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው። 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ አንድ እንጨት ላይ አራት መደቅ ጎን ለጎን ይሠራል። በመጨረሻ በመጋዝ ይለያያሉ።

አምስተኛ፣ ማለስለስ። እንጨቱ እየዞረ ብርጭቆ ወረቀት ይያዝበታል። መጀመሪያ ሻካራው፣ ቀጥሎ ለስላሳው። ከዚያ ሰም ያስነኩታል። ከሙቀቱ የተነሣ ሰሙ ቀልጦ ይገባል፤ እንጨቱ ያበራል።

ግማሾቹ ጠጠሮች ጥቁር መሆን አለባቸው። ጥላሸት በኑግ ዘይት ለውሰን ቀባናቸው። ለብዙ ቀን አድርቀን በሰም አሸናቸው።

መልኩን እኛ እንዲህ አደረግነው። መደቅ አጭር ነው፤ ራሱ ትንሽ ኳስ ነው። ደር ራሱ ጠፍጣፋ ነው። ፊል ወገቡ ላይ ሁለት ቀለበት አለው። ፈረስ ራሱ በሰያፍ ተቆርጧል። ፈርዝ ረዘም ይላል። ንጉሥ ከሁሉም ይረዝማል፤ 7 ሳንቲ ሜትር ነው።

ተጠንቀቁ! ቶርኖ ሲዞር ጋቢና ነጠላ ለብሶ መጠጋት ክልክል ነው። ጨርቁን ጠምጥሞ ሰውየውን ይጎትተዋል። ዓይንን በመነጽር መሸፈን ያስፈልጋል። የሚዞር እንጨት በእጅ አይቆምም። መብራት ቢጠፋ እንኳ ማጥፊያው ይጥፋ። መብራቱ ድንገት ሲመለስ ቶርኖው ይነሣልና።

የጨዋታው ሕግ

ሜዳው 8 በ8፣ ማለትም 64 ቤት ነው። የኛ ሰዎች ዱሮ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ክር አስምረው ይጫወቱ ነበር። የቼዝ ሜዳ ቤቶቹ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ነው። የኛ ግን መስመር ብቻ ነው። አንዱ ወገን 1 ንጉሥ፣ 1 ፈርዝ፣ 2 ፊል፣ 2 ፈረስ፣ 2 ደርና 8 መደቅ አለው። ሲደመር 16 ነው። ሁለቱ ወገን 32 ይሆናል።

በቼዝ አንዱ ሲጫወት ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በኛ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። ሁለቱም ባንድ ጊዜ እንደፈለጉ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል። ከዚያ በኋላ በተራ ይሆናል።

አንዲት ተማሪያችን ይህን ስትሰማ፣ "ንጉሥ አለ፣ ፈረስ አለ። ሴት የለበትም እንዴ?" አለች። የለም። በንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ አማካሪ ነው። በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። አውሮፓውያን ግን ይህንን ጠጠር ንግሥት አሉት። ከ500 ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ እንደልቧ እንድትሄድ ፈቀዱላት። ዛሬ በቼዝ ከሁሉ ኃይለኛዋ እርሷ ናት።

ሌላም ነገር አለ። በኛ ሰንጠረዥ ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መግደል ብዙ አያስመሰግንም ነበር። በደርማ ማን ያቅተዋል? ከሁሉ በላይ የሚመሰገነው ንጉሡን በመደቅ የገደለ ነው። መደቅ እግረኛ ነው። ወደፊት አንድ አንድ ቤት ብቻ የሚሄድ፣ ከሁሉ ያነሰ ነው። ይህን ሕግ የወደዱት ጨዋታው የጌቶች በነበረበት ጊዜ ነበር። ይገርማል።

ማን ጻፈው?

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? ከአባቶቻችን አልሰማነውም። ያነበብነው ነው። መንገደኞች ያዩትን ጽፈው ነበር። በ1963 ዓ.ም. ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ አንድ ላይ ሰብስበው አሳተሙ። ባይጻፍ ኖሮ የወረታው ባለሙያ ምን ይሠሩ ነበር? ሥዕሉን ከየት እናመጣላቸው ነበር?

አሁን ክረምት ነው። ርብና ጉማራ ሞልተዋል። ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ማታ ከትምህርት በኋላ ሰንጠረዡ ይዘረጋል። አንድ አዛውንት ተማሪያችን ጥቂት ቀን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ "ልጆቼ፣ የጌቶቹን ጨዋታ ፈረንጅ ጻፈላቸው። የኛን ሰፈር ገበጣ ማን ጻፈው? እኛ ጉድጓዱን የምንቆጥረው እንደ ማዶዎቹ አይደለም።"

"አባባ፣ ታዲያ እርስዎ ይጻፉት" አልናቸው።

"እጄ ገና ይንቀጠቀጣል።"

"ይንቀጠቀጥ። ይነበባል።"

በማግስቱ አራት መስመር ጽፈው አመጡ። አንድ ፊደል ተገልብጧል። የቀረው ግን ግልጽ ነው። ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚጀመር፣ ስንት ጠጠር እንደሚያዝ እናውቃለን። የርሳቸው ልጅ ልጆችም ያውቃሉ።

ቶርኖ ሠሪውም ሆነ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋም ሆነች ታንኳ የሚሠራው፣ በእጁ የሚያውቀው ሕግ አለ። እጅ ያረጃል። ወረቀት ይቆያል። ሙያ ያላችሁ ሁሉ አራት መስመር ጻፉ። እኛ እናነብላችኋለን። እናንተ ደግሞ የሌላውን ታነባላችሁ።

የቃላት ፍቺ

ቶርኖ፦ እንጨት ወይም ብረት እያሽከረከረ የሚያድቦለቡል መሣሪያ።
መደቅ፦ በሰንጠረዥ እግረኛ ወታደር።
ፊል፦ ዝሆን።
ፈርዝ፦ የንጉሥ አማካሪ።

እስቲ መልሱ

1. አንዱ ወገን 16 ጠጠር ካለው፣ ለሦስት ሰንጠረዥ ስንት ጠጠር ይሠራል?
2. ከአንድ እንጨት 4 መደቅ ቢወጣ፣ ለሁለቱ ወገን መደቅ ስንት እንጨት ያስፈልጋል?
3. በሰፈራችሁ ገበጣ እንዴት ይጀመራል? በአራት መስመር ጻፉ።