አረቄና ለጋ ልጆች በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ የሚመረተው ዳጉሳ ከእንጀራና ከጠላ አልፎ ለአረቄ እንደሚውል የታወቀ ነው። አረቄ ግን እንደ ጠላ የሚታይ አይደለም፤ ዳግም የወጣው እስከ 45 በመቶ ገደማ አልኮል አለው። ይህንን ያልጎረመሰ ልጅ በገበያ ቀን በመለኪያ ሲጨልጠው ዝም ሊባል አይገባም።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ሆኖም አዋጅ በራሱ እግር አረቄ ቤት አይደርስም፤ የሚያደርሱት የማኅበር መሪዎች ናቸው።

አስቸጋሪው ነገር፣ አረቄ ከምታወጣው እናት ብዙዋ የልጆቿን ደብተር የምትገዛው በዚሁ ገቢ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጋኗን መስበር መፍትሔ አይሆንም። ለልጅ አለመሸጥን፣ ልጅንም አረቄ እንዲያመጣ አለመላክን ሻጮቹ ራሳቸው በተገኙበት ስብሰባ መወሰን ይሻላል። ቅጣቱም ከሻጯ ይልቅ በጋባዡ ጎልማሳ ላይ ቢጠና ተገቢ ነው፤ የመጀመሪያዋን መለኪያ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው እርሱ ነውና።