«ትንሽ ጠጋ በይ!» ያልኳት እኔ ነኝ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ዝንጀሮ ነው። አትሳቁ! እኔም ያን ዕለት ስቄ ነበር። ሳቄ ግን ከአንድ ደቂቃ በላይ አልቆየም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰባት ሆነን ብር አዋጣንና ሚኒባስ በኮንትራት ይዘን ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ወረድን። ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዘፈኑና ጭብጨባው ግን መንገዱን አሳጠረልን። ሳላዎቹን ከነዚያ ቀጥ ካሉ ረጃጅም ቀንዶቻቸው ጋር ከመኪና ሳንወርድ አየናቸው። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ጉዱ የመጣው ፏፏቴው አጠገብ ምሳችንን ስንዘረጋ ነው።

ዝንጀሮዎቹ ቀድመውን እዚያ ነበሩ። አብረውን የነበሩት ጠና ያሉ ስካውት «ልጆች፣ ምግብ አታሳዩዋቸው፤ አትጠጓቸውም» አሉን። እኛ ግን የከተማ ልጆች አይደለን? ማን ይሰማል! አንዷ ጓደኛችን ከፌስታሉ ሙዝ አውጥታ ወደ ትልቁ ወንድ ዘረጋች። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሁለቱ አንድ ፎቶ ውስጥ አልገባ ቢሉኝ «ትንሽ ጠጋ በይ!» አልኳት።

ጠጋ አለች። ዝንጀሮው አፉን በሰፊው ከፍቶ አዛጋ። «እንቅልፉ መጣ!» ብለን በሳቅ ፈነዳን። እሷም እየሳቀች ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላየሁትም። ሙዙ የለም፣ ፌስታሉ የለም፣ የጓደኛችን ክንድ ደም በደም!

ስካውቱ ሮጠው መጥተው አባረሩት። ቁስሏን በሳሙና እያጠቡላት ሳለ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ «ምን ዓይነት ባለጌ ዝንጀሮ ነው!» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እሱ ምን ያድርግ? ያባለጋችሁት እናንተ ናችሁ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ለካ ወንድ ዝንጀሮ እንዲያ የሚያዛጋው እንቅልፍ መጥቶበት ላይሆን ይችላል። ክራንቻውን እያሳየ «ራቁ!» ማለቱ ነው። ዓይን ዓይኑን ማየት ደግሞ በእሱ ቋንቋ ጠብ መፈለግ ነው። ሙዝ የለመደ ዝንጀሮ ሰው ባየ ቁጥር ሙዝ ይጠብቃል፤ ካልሰጡት ይነጥቃል። በመጨረሻ ጥፋተኛ ተብሎ የሚባረረው፣ አንዳንዴም የሚገደለው እሱው ነው። የእኛ አንድ ሙዝ እዚህ ድረስ ይሄዳል!

ታዲያ «ሩቅ» ማለት ስንት ሜትር ነው? እ.ኤ.አ. በ1872 የተቋቋመው የአሜሪካው የሎስቶን ፓርክ ከድብና ከተኩላ 91 ሜትር፣ ከጎሽና ከሌሎቹ ደግሞ 23 ሜትር ያህል ራቁ ይላል። ሜትር በኪሱ ይዞ የሚዞር ስለሌለ አንድ ቀላል ዘዴ ልንገራችሁ። ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ አውራ ጣታችሁን እንስሳው ላይ አድርጉ። ጣታችሁ ሙሉ በሙሉ ካልሸፈነው ቀርባችኋል፤ ወደ ኋላ! እንስሳው መብላቱን ትቶ እናንተን ማየት ከጀመረም ያው ነው።

አዋሽ ወንዝ ውስጥ አዞ አለ፤ ስለዚህ «ሙቀቱ በዛ፣ እስቲ ልዋኝ» ማለት አይሠራም። ጫሞ ሐይቅ ከወረዳችሁ ከአዞው ሌላ ጉማሬም አለ። «ሣር በል ነው» ብላችሁ አትዘናጉ፤ በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው ጠላቱ ነው፣ በሩጫም አታመልጡትም። ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳዎቹ ሰው ስለለመዱ አጠገባችሁ ሣራቸውን ይነጫሉ። እናንተ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ በእናትና በልጅ መሀል ግን አትግቡ። ባሌ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ለቀይ ቀበሮ አደገኞቹ እኛ ነን። በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ የባሌዎቹን ክፉኛ ፈጅቷቸዋል። ስለዚህ ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ምግብም አትጣሉ።

ዝንጀሮ ምግባችሁን ከያዘ አትጓተቱ፤ ልቀቁለት! ዓይኑን ሳታዩ፣ ጀርባችሁን ሳትሰጡ፣ ሳትሮጡ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ። ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠቡና በዚያው ዕለት ሐኪም ጋ ሂዱ። «ትንሽ ጭረት ናት» አትበሉ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ይተርፋል ማለት ዘበት ነው። ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲገኝ ነው።

ጓደኛችን ክትባቷን በየቀጠሮው ጨረሰች፤ እኔም አንዱንም ቀጠሮ አልቀረሁባትም። አሁን ደህና ናት፤ ጠባሳው ግን ክንዷ ላይ አለ። «ሙዙን የያዝኩት እኔ፣ አንተ ምን አደረግክ?» ትለኛለች። ጥሩ ልብ ስላላት ነው። ፎቶውን አልደመሰስኩትም፤ ለማንም ግን አላሳየሁም። እሷ እየሳቀች፣ እሱ አፉን ከፍቶ፣ በመሀላቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት...

እናንተስ? በሚቀጥለው ጉዟችሁ «ትንሽ ጠጋ በይ» ልትሉ ስትሉ አውራ ጣታችሁን አስታውሱ። ፎቶው ትንሽ ቢያንስ ምን አለበት?

ቸር ያሰንብተን!